የአጥንት ጥላ ስንት ጫማ ነው?

(ቁስቋም ለተሰበሰቡ የሰፈሩ ነዋሪዎችና ተማሪዎች የቀረበ ዲስኩር)



አስቀድሜ ልናዘዝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ጠመኔ ይዤ ሒሳብ በማስተማር ነው። ለወገብ ሕመሙ መፍትሔ አገኛለሁ ብሎ የመጣ ካለ ሳይመሽበት ቢሄድ አልቀየምም። የመጣሁት ስለ አንድ ፊልም ላጫውታችሁ ነው፤ ስለ ሲኒማ ፊልም ሳይሆን ስለ ራጅ ፊልም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምት ላይ፣ እናቴ ከዚሁ ከቁስቋም ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስትወርድ ጭቃ አዳለጣትና በመዳፏ ተመርኩዛ ወደቀች። እንደምታውቁት እዚህ ሰፈር ሰው ሲወድቅ ሐኪም አይጠፋም፤ ሁሉም ሐኪም ነው። «ወለምታ ነው» ተባለ። ቅቤ መጣ፣ ታሸች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ስንል የእጁ ይታሻል ማለታችን ነውና ማንም አልተጠራጠረም። በሦስተኛው ቀን እጇ አብጦ ጣቶቿን መጨበጥ ሲያቅታት ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት፤ ስሙ ይቅር። ከፊት ለፊት አንድ ራጅ ተነሳች። «ትንሽ ሰንጠቅ ብሏል እንጂ ደህና ነው» ተባለችና በፋሻ ተጠቅልላ ተመለሰች። ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፌ አፈጠጥኩበት። እውነቱን ለመናገር እኔም ደህና መሰለኝ።

ሕመሙ ስላልተዋት በሳምንቱ ሌላ ዘንድ ሄድን። እዚያ ደግሞ እጇን በጎን አድርገው አነሱት። የክንዷ አጥንት ጫፍ፣ የእጅ አንጓው ላይ፣ ወደ እጇ ጀርባ ተቆልምሞ ታየ። ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቀሉ፤ በእርሳስ ሁለት መስመር አሰመሩ፤ ከኪሳቸው ፕሮትራክተር አወጡ! እኔ ለሰባተኛ ክፍል የማስተምርበትን፣ ያንኑ ግልጽ ላስቲክ። «ሃያ ዲግሪ ወደ ኋላ» አሉ። «ጤነኛ ሰው ላይ ይህ የመገጣጠሚያ ገጽ ወደ መዳፍ በኩል 11 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል።» ልማድ ነውና ወዲያው ደመርኩ፤ 31 ዲግሪ። በብዙ የሕክምና መመሪያዎች ወደ ኋላ ከ10 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ፣ ወይም አጥንቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ካጠረ፣ ወይም መገጣጠሚያው ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ደረጃ ከተፈጠረ እንዲሁ አይተውም፤ ይቃናል፣ ካልሆነም ብረት ይገባለታል። ለስንት ዓመት ተማሪዎች «ቲቸር፣ ይሄ ምን ይጠቅመናል?» ሲሉኝ ስለ ቤት ሠሪና ስለ አናጢ እያወራሁ ስሸሽ ኖሬያለሁ። መልሱ እናቴ እጅ ላይ ተጽፎ አገኘሁት።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ራጅ የተገኘው በ1888 ዓ.ም. ነው። አዎን፣ በአድዋው ዓመት። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ያንን የማይታይ ጨረር ያየበት ቀን በእነርሱ ኖቬምበር 8 ቀን 1895፣ በእኛ ጥቅምት 29 ቀን 1888 ነበር። የጽጌ ጾም ገና አልተፈታም፤ ለቁስቋም በዓል ልክ ሰባት ቀን ይቀረው ነበር። አፄ ምኒልክ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሰሜን እየተጓዙ ነው። ታኅሣሥ 13 ቀን ሮንትገን የሚስቱን እጅ ለ15 ደቂቃ ያህል ከጨረሩ ፊት አስቀምጦ አጥንቷን ከነቀለበቷ በፎቶግራፍ አስቀረው። የካቲት 23 አድዋ ሆነ። ከዚያ ዘመቻ ቆስለው ከተመለሱት የኢጣሊያ ወታደሮች አንዳንዶቹ ኔፕልስ ወዳለው የጦር ሆስፒታል ገቡ፤ ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ ወታደራዊ ሐኪምም በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት በራጅ ፈለገው። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ራጅ ለጦር ቁስለኛ ያገለገለበት የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነው ይላሉ። እንግዲህ ራጅን ለጦር ሜዳ ሥራ የጠራው የአያቶቻችን ጥይት ነው ብል የሚቃወመኝ ካለ በሻይ ሰዓት እንነጋገር።

ለመሆኑ ራጅ ምንድን ነው? ጥላ ነው። ሌላ ምንም አይደለም። ጨረሩ ከላይ ይወርዳል፤ ሥጋው ጥቂት ይይዛል፣ አጥንቱ ብዙ ይይዛል፤ የተረፈው ፊልሙ ላይ ያርፋል። አጥንት አብዝቶ የሚይዘው ካልሲየም ስላለው ነው። የካልሲየም የአቶም ቁጥር 20፣ ሥጋችንን የሞላው ኦክስጅን ደግሞ 8 ነው፤ ጨረሩን የመዋጥ ኃይል በግምት ከዚህ ቁጥር ኩብ ጋር ስለሚያድግ 20ን ለ8 አካፍላችሁ ውጤቱን ኩብ ብታደርጉት ከ15 እጥፍ በላይ ይሆናል። ይኼን ያህል ይበቃል።

ጥላን መስፈር ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። የእጅ ሰዓት ባልነበረበት ዘመን ካህናቱ ፀሐይ ላይ ቆመው የገዛ ጥላቸውን በጫማቸው እየሰፈሩ የቅዳሴውንና የጾሙን ሰዓት ይለዩ ነበር። በየወሩ፣ በየሰዓቱ ጥላው ስንት ጫማ እንደሚሆን የሚዘረዝር ሠንጠረዥም በግዕዝ መጻሕፍት ውስጥ ከባሕረ ሐሳቡ ጋር ይገኛል። ብልሃቱን ልብ በሉልኝ። ረጅሙ ሰው ረጅም ጥላ አለው፤ አጭሩ አጭር። ታዲያ እንዴት አንድ ሰዓት ይነግራቸዋል? ረጅሙ ሰው እግሩም ረጅም ነዋ! ጥላው ለጫማው ሲካፈል የሁለቱም ውጤት ይቀራረባል። ይህ ንጽጽር ነው፤ ፈረንጆቹ ታለስ ከሚሉት ግሪክ ጋር የሚያያይዙት የተመሳሳይ ጎነ ሦስቶች ሕግ። ሒሳብና ሐሳብ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት መሆናቸውም ያለ ነገር አይደለም።

ራጅ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው። የጨረሩ ምንጭ ከፊልሙ 100 ሴንቲ ሜትር ይርቃል እንበል። አጥንቱ ፊልሙ ላይ አልተኛም፤ በሥጋው ምክንያት 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ምንጩ ከአጥንቱ 90፣ ከፊልሙ 100 ስለሚርቅ ጥላው አንድ ጊዜ ከአሥራ አንድ በመቶ ይሆናል። የ40 ሴንቲ ሜትር የጭን አጥንት ከ44 በላይ ሆኖ ይታያል ማለት ነው። ውስጡ የሚገባውን ብረት በዚህ ጥላ ልክ የመረጠ ሰው ጫማን በፀሐይ ጥላ ልክ እንደገዛ ሰው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስፋቱ የሚታወቅ ክብ ነገር፣ ሳንቲምም ቢሆን፣ በአጥንቱ ከፍታ ልክ አጠገቡ ይቀመጥና አብሮ ይነሳል። ሳንቲሙ ስንት እጅ እንደተለጠጠ ካወቅን አጥንቱም ያንኑ ያህል ተለጥጧል።

ርዝመት እንዲህ ይዋሻል። ማዕዘን ግን፣ ተማሪዎች ዘዌ የምትሉት፣ ምስሉ ቢያድግም ቢያንስም አይለወጥም። አገራችን ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለምን ብትሉ፣ ራጁን በስልክ አንስቶ አሜሪካ ላለው የሐኪም ዘመድ በቴሌግራም የማይልክ ማን አለ? የምስሉ መጠን ምንም ቢሆን ዘመድየው ማዕዘኑን ሊለካ ይችላል፤ ስልኩ ከፊልሙ ፊት ቀጥ ብሎ እስከተያዘ ድረስ። ስልኩን 30 ዲግሪ ካዘነበላችሁት ግን ምስሉ በአንድ በኩል ወደ 87 በመቶ ይሸበሸብና የ45 ዲግሪው ስብራት 41 መስሎ ይደርሳል። እባካችሁ፣ ሰው እየገፋችሁ በትከሻ ላይ አታንሱ።

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ። የመጀመሪያው ፊልም ለምን ዋሸን? አልዋሸም፤ ግማሹን ነው የነገረን። በትር አንሥታችሁ ጫፉን በቀጥታ ወደ ግድግዳው ብታዞሩትና ከጀርባችሁ መብራት ቢኖር፣ ግድግዳው ላይ የምታዩት ነጥብ ብቻ ነው። ሦስት አቅጣጫ ያለው ነገር ጥላው ሁለት ብቻ አለው፤ አንዱ ተውጧል። ወደ እናንተ የታጠፈ አጥንት ከፊት ለፊት ሲታይ ቀጥ ያለ ይመስላል። ስለዚህ ከፊትም ከጎንም ይነሳል። የአጥንት ሐኪሞች ይህንን «ሁለት ሁለት» እያሉ ይማሩታል፦ ሁለት አቅጣጫ፣ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉ ሁለት መገጣጠሚያዎች፣ ሲያጠራጥር ደግሞ ጤነኛው እጅ ወይም እግር ለማነጻጸሪያ፣ አስፈላጊ ሲሆን በሁለት የተለያየ ጊዜ።

የሚያምረው ግን ሁለቱን ጥላ መደመሩ ላይ ነው። ቅልጥሙ የተሰበረ ልጅ አለ እንበል። ከፊት በተነሳው ፊልም የታችኛው ስባሪ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ይሸሻል፤ ወደ 17 ዲግሪ መሆኑ ነው። ከጎን በተነሳው በየ10ሩ 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል፤ 22 ዲግሪ ገደማ። ብዙ ሰው ትልቁን ቁጥር ይይዝና 22 ይላል። ስባሪው ግን በአንድ ጊዜ ወደ ጎንም ወደ ኋላም ነው የሄደው። ሦስት በሦስት ዘጠኝ፣ አራት በአራት አሥራ ስድስት፣ ድምሩ ሃያ አምስት፣ ሥሩ አምስት። የፒታጎረስ ጎነ ሦስት! አጥንቱ በእውነት የሸሸው 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ማዕዘኑም ወደ 27 ዲግሪ ይጠጋል፤ ከሁለቱም ፊልሞች ይበልጣል። እውነተኛው ሁልጊዜ ከሁለቱ አይበልጥም ወይ ብሎ አንድ ተማሪዬ ጠይቆኝ ነበር። አይደለም፤ አንደኛው ፊልም ላይ ምንም መጉበጥ ከሌለ እውነተኛው ከሌላኛው ጋር እኩል ይሆናል፤ ከዚያ በቀር ግን ሁልጊዜ ይበልጣል። ከሁለቱ ንጽጽር ደግሞ ስባሪው ወደየት እንዳዘመመ፣ ማለትም ሐኪሙ ከየት በኩል ገፍቶ ማቅናት እንዳለበት ይታወቃል።

ወደ እንጦጦ ቀና በሉ። ከጫካው እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች እዚህ ያላየ የለም። አንዳንዶቻችሁ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ናችሁ፤ ይህን ሒሳብ በወገባችሁ ታውቁታላችሁ። 30 ኪሎ የተሸከመች እናት 30 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ ቆማለች እንበል፤ ለሒሳቡ እንዲመች ነው እንጂ ሁሉም መንገዳችን እንዲህ አይብስም። ከሸክሙ 26 ኪሎ ያህሉ መሬቱን ይጫናል፤ 15 ኪሎው ደግሞ ወደ ታች ይገፋታል። ቁልቁለቱ 60 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ተገላቢጦሽ ይሆን ነበር፤ 15ቱ ይጫናል፣ 26ቱ ይገፋል። ሳይንና ኮሳይን ማለት ይኸው ነው።

አሁን ይህንኑ ተዳፋት ጭናችሁ ውስጥ አስገቡት። የጭን አጥንት ከዳሌ ጋር የሚገናኝበት ቀጭን አንገት አለው፤ አረጋውያን ሲወድቁ በብዛት የሚሰበረው እርሱ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ፍሪድሪኽ ፓውቬልስ በ1935 እ.ኤ.አ. የስብራቱን መስመር ከአግድሙ ጋር አለካክቶ በሦስት ከፈለው፦ ከ30 ዲግሪ በታች፣ ከ30 እስከ 50፣ ከ50 በላይ። መስመሩ የተጋደመ ከሆነ የሰውነት ክብደት ሁለቱን ስባሪዎች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ የመግጠም ተስፋ አለው። መስመሩ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ግን ያው ክብደት አንዱን በሌላው ላይ ያንሸራትተዋል፤ ልክ እንደ ጭቃው ቁልቁለት። አንዲት መስመር፣ አንድ ማዕዘን፣ ግን አንዲትን አሮጊት በስንት ብሎን ያዟት ወይስ የአጥንቱን ራስ ጨርሶ ይቀይሩላት የሚለው ውይይት ውስጥ ይገባል። ዕድሜዋም፣ የአጥንቱ ራስ የደም ሥሩም ይታያል፤ ሁሉም ነገር ቁጥር አይደለም። ጥቁር አንበሳም ሆነ በክፍለ ከተማችን ያለው ጳውሎስ ሆስፒታል የአጥንት ሕክምና የሚማሩ ወጣት ሐኪሞች ጠዋት ጠዋት ፊልም ሰቅለው ሲከራከሩ ብትሰሙ ግማሹ ክርክር ዲግሪና ሚሊ ሜትር ነው።

ስለ ወጌሻ ሳልናገር ብወርድ አትለቁኝም። አልንቃቸውም። ውልቃትን በጣቱ ዳስሶ የሚያውቅ ወጌሻ አይቻለሁ፤ እጁ ዓይን አለው። ነገር ግን እጅ ከ10 ዲግሪና ከ20 ዲግሪ መካከል ያለውን ልዩነት በእብጠት ላይ ሊለይ አይችልም፤ ሐኪምም በእጁ ብቻ አይችልም፤ ለዚህ ነው ራጅ የሚያዝዘው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ማሰሩ ነው። የተሰበረ እጅ ያብጣል። በቀርከሃ ዙሪያውን ጥብቅ አድርጋችሁ ካሰራችሁት ዙሪያው አይጨምርም፤ ውስጡ ግን ይጨምራል፤ የማይሰፋ ቀለበት ውስጥ የሚያድግ ነገር መጨረሻው ግፊት ነው፣ ግፊቱ ደሙን ይዘጋል። በዚህ ሳቢያ እጅና እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት በአገራችን ሐኪሞች ጽሑፎች ውስጥ ደጋግመው ተመዝግበዋል። ጣቱ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ፣ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ አትጠብቁ፤ ፍቱት፣ ሮጡ። ጀሶም ቢሆን ያው ነው።

ሒሳብ ራጅ የማያስፈልግበትንም ይናገራል። በ1992 እ.ኤ.አ. ካናዳ፣ ኦታዋ ውስጥ ኢያን ስቲል የተባለ የድንገተኛ ክፍል ሐኪምና ባልደረቦቹ ቁርጭምጭሚታቸው የተጎዳ ብዙ አዋቂዎችን መዝግበው አንድ ደንብ አወጡ። ቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጉብ ያሉ አጥንቶች ጫፍ ወይም የኋላ ጠርዝ ሲነካ ያማል? ወዲያው እንደወደቀና ሐኪም ፊት ሲቀርብ አራት እርምጃ መራመድ ተስኖታል? ለሁለቱም «የለም» ከሆነ ስብራት የመኖሩ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው (ለመሐል እግር ተመሳሳይ ጥያቄ አለው)። በዚህ ደንብ የሚነሳው ራጅ በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ለአንድ ራጅ ከእንጦጦ እስከ ስድስት ኪሎ በሰው ጀርባ ለሚወርድ ሰው አራት እርምጃ ትልቅ መሣሪያ ነው። ሐኪሙ ይወስን እንጂ እናንተ ቤት አትፍረዱ።

«ደህና ነው» የሚለው ቃልም ቁጥር አለው። አውራ ጣት ሥር ያለች ስካፎይድ የምትባል ትንሽ አጥንት ስትሰነጠቅ በመጀመሪያው ራጅ ላትታይ ትችላለች። ለምሳሌ ያህል 100 ሰው በመዳፉ ወድቆ እዚያ ቦታ ቢያመውና ሃያዎቹ ስብራት ቢኖራቸው፣ ፊልሙም አሥራ ስድስቱን ቢያሳይ፣ «ደህና» ከተባሉት 84 ሰዎች መካከል አራቱ ስብራታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ከሃያ አንድ አንዱ ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ፊልሙን አይቶ «ደህና ነው» ካለ በኋላ «ግን ጀሶ ይደረግ፣ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ተመለስ» ሲል ገንዘብ ፈልጎ አይደለም፤ ቶማስ ቤይዝ የተባለ ቄስ የተወልን የዕድል ሒሳብ ነው።

ሲቲ ስካንን ባጭሩ ልለፍ። ጥላ ከፊትና ከጎን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ቢነሳ ውስጡን መልሶ መሥራት ይቻላል፤ ዮሐን ራዶን የተባለ ኦስትሪያዊ በ1917 እ.ኤ.አ. በወረቀት አሳይቶ ነበር፤ ማንም ሐኪም አላነበበውም። ደቡብ አፍሪካዊው አላን ኮርማክ ኬፕ ታውን ሆስፒታል ውስጥ ሲሠራ ጥያቄው መጣለትና እንደገና ፈታው፣ እንግሊዛዊው ሃውንስፊልድ መሣሪያውን ሠራ፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ኖቤልን ተካፈሉ። አፍሪካ ውስጥ እንደገና የተወለደ ሒሳብ ነው ብዬ ለተማሪዎቼ መፎከር እወዳለሁ።

አሁን ወሬው ሁሉ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ዲጂታል ራጅ ለኮምፒዩተር የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። አንዱ መስመር 180፣ 182፣ 179፣ 140፣ 181 ቢል፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ስትቀንሱ 2፣ 3፣ 39፣ 41 ታገኛላችሁ። ያ ዝላይ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ግን የልጅ አጥንት የሚያድግበት መስመርም፣ ደም ሥር የሚገባበት ቀዳዳም ይዘላል። ማሽኑ ብዙ ሺህ ምሳሌ አይቶ ነው የሚለየው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2018 እ.ኤ.አ. ለዚህ ብሎ 40,561 የእጅ ራጆችን ለተመራማሪዎች ለቋል። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ከነዚያ ውስጥ ሸክም ተሸክሞ ያረጀ፣ ወጌሻ ያሸው፣ ሳምንት ቆይቶ የመጣ እጅ ስንት አለ? የእናቴን ዓይነት እጅ ያላየ ማሽን እናቴን ሲያይ ምን እንደሚል ማየት እፈልጋለሁ።

እንግዲህ ወሬ ይብቃን። ልጆቹ ወረቀት እያደሉ ነው። ፈቃዷን ጠይቄ ያባዛሁት የእናቴ የጎን ራጅ ነው፤ ራሷም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፕሮትራክተሩ 40 ስለሆነ ለሁለት ለሁለት ተካፈሉ። የመጀመሪያው መስመር በክንዱ አጥንት መሐል ለመሐል ይሂድ፣ ሁለተኛው የእጅ አንጓውን ገጽ ሁለት ጫፍ ያገናኝ። በሁለቱ መካከል ያለው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ በስንት እንደሚለይ ለክታችሁ ቁጥሩን ከጀርባው ጻፉ፤ የጎረቤታችሁን አትዩ። ሐኪሙ ሃያ ብለው ነበር። ሁላችንም ሃያ እንደማንጽፍ እርግጠኛ ነኝ፤ አሥራ ስድስትም ሃያ አምስትም ይመጣል፤ ልምድ ያላቸው ሐኪሞችም አንድን ፊልም ለየብቻ ሲለኩ በጥቂት ዲግሪ ይለያያሉ። ቁጥሮቹን ሁሉ ሰሌዳ ላይ እደረድራቸውና የት የት እንደሚከማቹ እናያለን።

እማ፣ መነጽርሽን አድርጊ፤ አንቺም ትለኪያለሽ።